«አባዬ፣ መሪው እኮ እዚህ ነው ያለው»

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ የሪሞት መኪናዬን ፊት ባለ ሦስት ሊንክ ላድርገው ወይስ ባለ አራት?» አለኝ። ድንጋይ የምትወጣዋን፣ የእውነተኛውን አንድ አሥረኛ የምታክለዋን ማለቱ ነው። «ሳምንት እነግርሃለሁ» ብዬ ሸኘሁት። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፣ እዚሁ ዴንቨር። ልጄ 12 ዓመት ሲሞላው እንዲህ ያለችውን የሪሞት መኪና፣ አክሲያል ኤስሲኤክስ-10 ሁለተኛውን ገዛሁለት። ሳጥኑን የከፈተው እሱ ነው። ካቻቢቴውን የያዝኩት ግን እኔ።

የፊቱን አክስል ሊንክ የሚባሉ ሦስት ዘንጎች ከሻሲው ጋር ያያይዙታል። ፓንሃርድ የምትባል ሌላ ዘንግ ደግሞ በአግድም ከሻሲው ወደ አክስሉ ትሄዳለች። ሞላው ሲወጣና ሲወርድ ይህቺ ዘንግ አክስሉን ትንሽ ወደ ጎን ትወስደዋለች። አየኋትና ናቅኋት። እኔ ያደግሁት ባሌስትራ ላይ ነው። የድሮዎቹ 40 ላንድ ክሩዘሮች ፓንሃርድ የላቸውም፤ አክስሉን በጎንም የሚይዘው ባሌስትራው ራሱ ነው። አዲስ አበባ የሠራሁበት ጋራዥ ካቦው የትኛዋ የባሌስትራ ቅጠል እንደተሰበረች በጆሮው እለያለሁ ይል ነበር። መኪናው በሩን ሳያልፍ «ሁለተኛዋ ናት!» ይላል። ግማሹን ጊዜ ይሳሳታል። ማን ደፍሮ ይንገረው?

እናም ፓንሃርዷን አውጥቼ፣ ከላይ አንድ ሊንክ ጨምሬ፣ የላይኞቹን ሁለቱን ሰያፍ አድርጌ ባለ አራት ሠራሁት። ልጄ ጣቱን ሻሲው ላይ ያለው ሰርቮ፣ መሪውን የምታዞረው ትንሽ ሞተር ላይ አደረገና «አባዬ፣ መሪው እኮ እዚህ ነው ያለው» አለኝ።

«ሠላሳ ዓመት መካኒክ ነኝ። አንተ ብሎኑን አቀብለኝ።»

ሞሪሰን አካባቢ ወዳሉት ቀይ ድንጋዮች ወሰድኳት። የግራው ጎማ ድንጋዩ ላይ ሲወጣ መሪው ማንም ሳይነካው ዞረ። ተገለበጠች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከሰርቮው ወደ ጎማ የሚሄደው የመሪ ዘንግም ሞላው ሲሠራ በጎን ቅስት ይሠራል። ፓንሃርዷ ከእሱ ጋር ትይዩና ተቀራራቢ ርዝመት ስላላት አብረው ይወዛወዛሉ፣ ጎማው አይሰማውም። እኔ አክስሉን ቀጥ ብሎ እንዲወጣ አደረግሁት፤ የመሪው ዘንግ ብቻውን ቀረና ጎማውን ጎተተው።

ልጄ ሄዶ አነሳት። አቧራዋን በቲሸርቱ ጠረገ። «አላልኩህም?» አላለኝም። ቤት ስንደርስ መደርደሪያ ላይ አስቀመጣት፤ ሁለተኛ ድንጋይ እንሂድ ብሎ አልጠየቀኝም። በሳምንቱ ፓንሃርዷን መልሼ ገጠምኳት። አልነገርኩትም።

ለጠያቂዬ እንግዲህ፦ ሰርቮው ሻሲ ላይ ከሆነ ፊቱ ባለ ሦስት ከነፓንሃርዱ። ሰርቮው አክስሉ ላይ ከተቀመጠ መሪው ከአክስሉ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ባለ አራት ይሆናል። ከኋላ ባለ አራት ይሁን። የኋላው የላይኛውና የታችኛው ሊንክ ወደ ሻሲው ሲሄዱ በጣም ከተቀራረቡ፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጣት ቂጧን ታነሳለች። ሊንኩ የሚታሰርበትን ቀዳዳ ስትቀይር አንድ በአንድ ቀይር። የፊቱን የላይኛውን ሊንክ ብታሳጥር መሪው ቶሎ ይመለስልሃል፤ ዲፈረንሻሉ ግን አፍንጫውን ይደፋና ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ይጣመማል። ሁለቱንም አታገኝም።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ቪዲዮ አይታችሁ፣ መኪናዋን አንድ ቀን ሳትነዱ የአሉሚኒየም ሊንክ ታዛላችሁ። እንደመጣች አንድ ወር ንዷት። እርግጥ እኔም ባለፈው ወር አንዲት ገዝቼ፣ ገና ከሳጥኗ ሳትወጣ የብረት ሊንክ አዝዣለሁ። ብረት ግን ክብደቱን ወደ ታች ያደርጋል፤ የእኔ ሌላ ነው።

ልጄ አሁን ካሊፎርኒያ ነው። ትናንት ማታ ደወልኩለትና ፓንሃርዷን ያኔ መልሼ እንደገጠምኳት ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «በማግስቱ አይቻታለሁ።»