ጋንግዎን «የወንዝ ሜዳ» ማለት ነው?

ወንድሜ፣ የጠየቁት የኮሪያው አውራጃ የጋንግዎን ትርጉም «የወንዝ ሜዳ» መሆን አለመሆኑን ነው። ስሙ የሚጻፍባቸው የቻይና ፊደሎች ለየብቻ ሲነበቡ ልክ ነዎት፤ «ጋንግ» ወንዝ፣ «ዎን» ሜዳ ወይም ምንጭ ነው። ነገር ግን ስሙን ያወጡት ሰዎች ወንዝም ሜዳም አላሰቡም። እ.ኤ.አ. በ1395 ጆሶን የተባለው የያኔው የኮሪያ መንግሥት የአውራጃውን የሁለት ታላላቅ ከተሞችን የመጀመሪያ ፊደሎች ወስዶ አጋጠማቸው፦ ከጋንግኑንግ «ጋንግ»፣ ከዎንጁ «ዎን»። በዚያ ላይ አገሩ ተራራ የበዛበት ነው፤ «ሜዳ» ብሎ መተርጎም ያሳስታል።

ይህ የኮሪያ የቆየ ልማድ ነው። ግዮንግሳንግ ከግዮንግጁና ከሳንግጁ፣ ቹንግቾንግም ከቹንግጁና ከቾንግጁ ተገኝተዋል። የተለየችው ግዮንጊ ናት፤ እርሷ «የመዲናዋ ዙሪያ» ማለት ናት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ዎን» ከዎንሳን የመጣ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። ዎንሳን በሰሜን ኮሪያ በኩል ያለው የጋንግዎን ዋና ከተማ ናት። አውራጃው በጦር ወሰን ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም ወገን ያንኑ ስም ይዘው መቅረታቸው ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። የደቡቡ እ.ኤ.አ. በ2023 «ልዩ ራስ ገዝ» የሚል ቅጽል ተጨመረለት እንጂ ጋንግዎንነቱ አልተነካም።

ለእኛ ደግሞ ስሙ ባዕድ አይደለም። በኮሪያ ጦርነት የዘመቱት የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በዚያ ተራራ ላይ ተዋግተዋል። በደቡቡ አውራጃ መቀመጫ በቹንቾን የቆመላቸውን ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1968 የመረቁት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ናቸው።