የወንጀል ዘጋቢነት ፈተና፦ ምን ይዤ ልግባ?

ጋዜጠኝነት ተመርቀሽ አንድ የአካባቢ ጋዜጣ ለወንጀልና ለችሎት ዘጋቢነት ፈተና ጠርቶሻል፤ «በምን ልዘጋጅ?» ብለሻል።

አብዛኛውን ጊዜ የፖሊስ መግለጫ ተሰጥቶሽ ዜና ጻፊ ትባያለሽ። ፈታኙ የሚያየው የአጻጻፍ ውበትሽን ሳይሆን ጉዳዩ የደረሰበትን ደረጃ መለየትሽን ነው። የተያዘ ሰው ተጠርጣሪ ነው፤ ክስ ሲመሠረትበት ተከሳሽ ይሆናል፤ ጥፋተኛ የሚባለው ፍርድ ቤት ሲወስን ብቻ ነው። «ሱቅ የሰበረው ሌባ መያዙን ፖሊስ አስታወቀ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ፖሊስን ስለጠቀሰ የዳነ ይመስለዋል። አልዳነም፤ «ሌባ» ያለው ጋዜጣው ነው። «ሱቅ ሰብሮ በመስረቅ የተጠረጠረ ሰው መያዙን ፖሊስ አስታወቀ» ይበቃል።

ሁሉም በሚተዋወቅበት አካባቢ ስም ይከብዳል። የተደፈረችን ልጅ ስም ደብቀሽ ተጠርጣሪው አጎቷ መሆኑን ከነስሙ ከጻፍሽ ልጅቷን አጋልጠሻል። ወይ ዝምድናው ይቅር ወይ ስሙ። አንቺ ስሙን፣ ሌላ ጋዜጣ ዝምድናውን ከጻፋችሁም ሁለቱን ያነበበ ያውቃታል፤ ስለዚህ ሌሎቹ ምን እንዳወጡ ሳታዪ አትወስኚ። ተከሳሹን በስም የምትጠሪ ከሆነ ደግሞ ሞክሼ እንዳይጎዳ ስሙን ከነአባቱ ከክሱ ላይ ፊደል በፊደል አመሳክሪ፤ ዕድሜውንም ጨምሪ።

ዝርፊያ ከ2 ወደ 4 ሲያድግ «በ100 በመቶ ጨመረ» አትበዪ። ስሌቱ ልክ ቢሆንም አንባቢን ያስደነብራል፤ ቁጥሩን እንዳለ ጻፊው።

የሚያስቀጥርሽ ግን የክስ መዝገብን እስከ ውሳኔው መከታተል ነው፤ የብዙ የአካባቢ ጋዜጦች ድክመት እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ሲያዝ ዜናው ፊት ገጽ ይወጣል፤ ጉዳዩ ከቀጠሮ ቀጠሮ ሲጓተት ዘጋቢው ወደ ሌላ ዜና ያልፋል፤ በነጻ ሲሰናበት የሚጽፍለት ይጠፋል። ስሙ ግን ኢንተርኔት ላይ እንዳለ ነው። የአሜሪካው የዜና ወኪል አሶሺየትድ ፕሬስ በ2021 እ.ኤ.አ. በቀላል ወንጀል የተጠረጠሩ ሰዎችን ስም መጥቀስ ያቆመው በዚሁ ምክንያት ነው፤ መጨረሻቸውን ተከታትሎ ስለማይዘግብ።

ደብተርሽ ላይ አምስት ዓምድ አስምሪ፦ የመዝገብ ቁጥር፣ ችሎት፣ የተከሰሰበት አንቀጽ፣ ቀጣይ ቀጠሮ፣ ውሳኔ። ቀጠሮ ሳይነገርሽ ሊለወጥ ስለሚችል በዋዜማው መዝገብ ቤቱን ጠይቂ። የውሳኔው ዓምድ ባዶ የሆነ መዝገብ ሁሉ ዕዳሽ ነው። እስከ ፈተናው ቀን ለሕዝብ ክፍት በሆነ ችሎት ተገኝተሽ አንድ አጭር ዜና ጻፊ፤ ከነመዝገብ ቁጥሩና ከነቀጣዩ ቀጠሮ ይዘሽ ግቢ።