ሰማንያውስ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለኝ። መርካቶ ካለ አስመጪ 120 ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ገዛሁ። «ዲጂታል ናቸው ወይ?» ስለው «ሁሉም ዲጂታል ናቸው» አለኝ። 40ውን ለአንድ ሆቴል አስረከብኩ። የሆቴሉ ቴክኒሻን «ዲቪቢ ቲ ቱ የሚባለውን የዲጂታል ስርጭት ዓይነት አይቀበሉም» ብሎ ሁሉንም መለሰብኝ። አስመጪው ደግሞ «ፍላት ነው፣ ኤችዲ ነው፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ይለኛል። ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 120 ገዝተው 40 ተመለሰብዎት። ሰማንያውስ? ስለ እነሱ አንድም ቃል የለም። ልገምት? እየሸጧቸው ነው። ግምቴ ልክ ከሆነ ዛሬውኑ ያቁሙ። ጉድለቱን አውቀው ከሸጡ በኋላ «ዕቃው አይረባም፣ ይመለስልኝ» ማለት ይከብዳል። ነገ ደግሞ እርስዎ አስመጪውን የሚሉትን የእርስዎ ደንበኞች እርስዎን ይሉዎታል። እነሱን የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ይደግፋቸዋል። እርስዎ ግን ለመሸጥ ስለገዙ በዚያ አዋጅ ሸማች አይባሉም።

ፍላት መሆን የስክሪኑ ጉዳይ ነው። ስርጭቱን የሚቀበለው ውስጡ ያለው ቱነር ነው። አገራችን ለምድር ዲጂታል ስርጭት፣ ማለትም ያለ ሳተላይት በተራ አንቴና ለሚያዘው፣ የመረጠችው ዲቪቢ ቲ ቱን ነው። የፊተኛው ትውልድ፣ ዲቪቢ ቲ ብቻ ያለው ቴሌቪዥን ይህን አያነብም። የድሮውን የአናሎግ ስርጭት ለመሰናበት በጄኔቫው የስርጭት ስምምነት ለአብዛኞቹ አገሮች የተቆረጠው ቀን እኮ ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። አስመጪው «ቲ ቱ የሚባል ነገር አላውቅም» ቢል ማን ያምነዋል? ችግሩ እርስዎም ነጋዴ መሆንዎ ነው። «ካርቶኑ ላይ ያለውን ለምን አላነበብክም?» መባልዎ አይቀርም።

ሕጉ አጭር ነው። ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ከቁጥር 2287 ጀምሮ ይመልከቱ። ቴሌቪዥን መሸጥ በጽሑፍ መሆን ግዴታ የለበትም። የቃል ውልም ውል ነው፤ ማስረዳቱ ነው ጣጣው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኼ ነው። ገዢ ዕቃውን ዕድሉን እንዳገኘ መመርመር አለበት። ጉድለት ሲያገኝ ደግሞ ሳይዘገይ፣ ምን እንደጎደለው ለይቶ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ቁጥር 2291 እና 2292 ይህንኑ ይላሉ። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ስልክ እንደውላለን። «ችግር የለም፣ እንነጋገራለን» ይባላል። መርካቶ ወርደን ቡና እንጠጣለን። ሽማግሌ ይገባል። በዓል ይመጣል፣ በዓል ያልፋል። ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ሰውየው ስልክ ማንሳት ያቆማል። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ደግሞ «እስከ ዛሬ ምንም አልነገረኝም» ይላል። እርስዎ በእጅዎ ያለው የተደወለ ቁጥር ዝርዝር ብቻ ነው። ቁጥሩ ምን እንደተባባላችሁ አይናገርም። ሽምግልናውን አልጠላም፤ ብዙ ጉዳይ የሚያልቀው እዚያ ነው። ግን ጉድለቱን የሚያስታውቀው ደብዳቤ ይቅደም። ካስታወቁ በኋላም ክስ ለመመሥረት ያለዎት ጊዜ በመርሕ አንድ ዓመት ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን አይቆጥሩልዎትም።

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ያዘጋጁ። ሞዴሉን፣ ብዛቱን፣ የተረከቡበትን ቀን፣ ቱነሩ ቲ ቱ አለመሆኑን ይጻፉ። አስመጪው አንዱ ላይ ፈርሞ ይቀበል። እምቢ ካለ በአደራ ፖስታ ይላኩ፤ የፖስታ ቤቱን ወረቀት አይጣሉ። «ዲጂታል ናቸው» ያለዎት በቴሌግራም ከሆነ መልእክቱን አያጥፉ። ስልክ ሊቀይሩ ካሰቡም ትንሽ ይቆዩ።

ሌላም ያልነገሩኝ አለ፤ ደረሰኝ። ሙሉ ዋጋው የተጻፈበት ነው ወይስ «ለቫት እንዲቀል» ዝቅ ተደርጎ የተቆረጠ? መርካቶን ስለማውቅ ነው የምጠይቅዎ። ደረሰኙ ላይ ግማሽ ዋጋ ካለ ሙሉውን ለማስመለስ ሲከሱ መጀመሪያ የሚጠየቁት እርስዎ ይሆናሉ፤ ያውም በታክስ በኩል። ይህን ለጠበቃዎ ሳይደብቁ ይንገሩት። ክሱን ካስገቡ በኋላ ሳይሆን አሁን።

ገበያውን ለማዳን ግን የሚቻል ነገር አለ። ቴሌቪዥኖቹ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ካላቸው የቲ ቱ ሴት ቶፕ ቦክስ፣ ማለትም ከውጭ የሚሰካ መቀበያ ሳጥን፣ ተገጥሞላቸው ይሠራሉ። ሕጉም ተጎጂ ጉዳቱን እንዲቀንስ ይጠብቅበታል፤ ቁጥር 1802 ነው። ሆቴሉ ከተስማማ የሳጥኑን ወጪ ከአስመጪው ይጠይቃሉ፤ 120 ቴሌቪዥን ከማመላለስ ይቀላል። ሳጥኑን ግን ጉድለቱን ከሚያስታውቀው ደብዳቤ በፊት እንዳይገዙ። አለበለዚያ «ዕቃውን ተቀብሎ አስተካክሎታል» ሊባል ይችላል።

ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ ፕሮፎርማውን፣ ደረሰኙን፣ የባንክ ማስተላለፊያውን፣ ካልተከፈቱት ካርቶኖች አንዱን፣ ከሆቴሉ ጋር የተዋዋሉትንና ሆቴሉ ሲመልስ የጻፈውን ይያዙ። እኔ እዚህ የጻፍኩት ወረቀትዎን ሳላይ ነው። የሆቴሉ ደብዳቤ ላይ ያለውን ቀን በተለይ ይመልከቱ። «ካወቀ በኋላ ዘገየ» ሲባል አስመጪው መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው።