ፈርኔ መኖር፣ ጄኔቫ መሥራት፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ፈርኔ-ቮልቴር በፈረንሳይ የኤን ክፍለ ግዛት፣ ከጄኔቫ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ነዋሪዋ በአብዛኛው የሚተዳደረው ከድንበር ማዶ ባለው ሥራ ነው። ስለዚህች ከተማ ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጄኔቫ በቢ ፈቃድ (በስዊዝ የመኖሪያ ፈቃድ) እኖራለሁ፣ እሠራለሁ። ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ፈርኔ ኪራይ ይቀላል ብለው ጓደኞቼ ይወተውቱኛል። ድንበሩ ላይ ፓስፖርት የጠየቀኝ ሰው የለም። ብዛወር ሥራዬን እቀጥላለሁ?

መልስ፦ አሁን ባሉበት ሁኔታ አይዛወሩ። ፓስፖርት የማይጠየቁት ስዊዘርላንድ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ሸንገን (በመካከላቸው የድንበር ፓስፖርት ቁጥጥር ያስቀሩ የአውሮፓ አገሮች ስምምነት) ውስጥ ስላለች ነው። ሸንገን ግን ለማለፍ እንጂ ለመኖር አይበቃም። በስዊዝ ፈቃድ ፈረንሳይ መቆየት የሚችሉት በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ለመኖር የፈረንሳይ የረዥም ጊዜ ቪዛና የመኖሪያ ካርድ ያስፈልግዎታል።

የቢ ፈቃድዎም ስዊዘርላንድ ውስጥ በመኖርዎ ላይ የቆመ ነው። ለቅቄያለሁ ብለው ካስታወቁ ያኔውኑ ይቀራል፤ ሳያስታውቁ ወጥተው ቢቆዩ ደግሞ በ6 ወር ይጠፋል። ድንበር ተሻግሮ ለሚሠራ ሰው የሚሰጠው የጂ ፈቃድ ይተካዋል ብለው ተስፋ አያድርጉ። የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ከ2002ቱ የነፃ ዝውውር ስምምነት ወዲህ ይህን ፈቃድ የሚያገኘው የሥራ ውል አቅርቦ ነው፤ የሚጠበቅበት ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ቤቱ መመለስ ነው። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ሕጉ ሌላ ነው። በጎረቤት አገር ቋሚ የመኖር መብት ሊኖርዎት፣ በዚያው አገር የድንበር ቀበሌ ቢያንስ 6 ወር ኖረው ሊያሳዩ፣ ሥራውም በስዊዝ የድንበር ቀበሌ ሊሆን ይገባል። በዚህ ላይ አሠሪው ለቦታው የአገሬው ወይም የኅብረቱ ሰው እንዳላገኘ ማስረዳት አለበት። በተግባር ይህ በር የሚከፈተው ፈረንሳይ ለዓመታት ኖሮ የ10 ዓመት የመኖሪያ ካርድ ለያዘ ሰው ነው።

የስዊዝ ዜግነት ሲያገኙ ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ፈርኔ መኖርም ጄኔቫ መሥራትም መብትዎ ነው፤ የጂ ፈቃድም አያስፈልግዎትም። ሁለት ሦስት ዓመት ከቀረዎት መታገሥ ያዋጣል።

አንዳንዱ ጄኔቫ ያለ ዘመድ ቤት አድራሻውን አስቀምጦ ፈርኔ ያድራል። ይህን ምክር የሚሰጥዎትን ሰው አይስሙ። የሐሰት አድራሻ ለፈቃድ መሰረዝ ምክንያት ይሆናል፤ ፈረንሳይ በበኩሏ ያለ ካርድ እንደሚኖር ሰው ታይዎታለች። ለጥቂት መቶ ፍራንክ ኪራይ ሲሉ የሁለቱንም አገር ወረቀት ያጣሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ፈረንሳዊ ዜጋ ነኝ፣ ጄኔቫ እሠራለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ «እዚህ የምትኖሩ ሁሉ ተመዝገቡ» እያለ ሲወተውት ሌላ ግብር ሊጥልብኝ መስሎኝ ፈራሁ።

መልስ፦ አይፍሩ፣ ይመዝገቡ። የጄኔቫ ደመወዝዎ ግብር የሚቆረጠው እዚያው ጄኔቫ ነው። በ1973 በተፈረመ ስምምነት ጄኔቫ በኤንና በኦት-ሳቩዋ የሚኖሩ ሠራተኞች ከሚያገኙት ጠቅላላ ደመወዝ 3.5 በመቶውን ለሁለቱ ክፍለ ግዛቶች ትመልሳለች። ገንዘቡ በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ300 ሚሊዮን ፍራንክ አልፏል፤ ለየከተማው የሚከፋፈለውም እዚያ በተቆጠሩ ድንበር ተሻጋሪ ሠራተኞች ልክ ነው። ያልተመዘገበ ሰው መንገዱን፣ ትምህርት ቤቱንና መዋዕለ ሕፃናቱን እየተጠቀመ ለከተማዋ ሳንቲም አያመጣም። ማዘጋጃ ቤቱ ቢጨነቅ ይገባዋል።

ፈረንሳይም በየዓመቱ ገቢዎን ያሳውቁ፦ በቅጽ 2047 እና 2042። በጄኔቫው ደመወዝ ላይ ሊደርስብዎት በሚችለው የፈረንሳይ ግብር ልክ ክሬዲት ስለሚሰጥዎት ሁለት ጊዜ አይከፍሉም። ሥራዎን ወደ ኒዮን ወይም ሎዛን ከቀየሩ ግን ይጠንቀቁ። ሁለቱ ከተሞች ያሉበት የቮ ካንቶን (የስዊዝ ክልል) የሚተዳደረው በሌላ፣ በ1983ቱ ስምምነት ስለሆነ ግብሩን የሚከፍሉት ለፈረንሳይ ነው። ቅጽ 2041-አኤስን በፈረንሳይ ግብር ቢሮ አስመትተው ለአሠሪዎ ካልሰጡ ከደመወዝዎ ላይ እዚያም ይቆረጣል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጄኔቫ ሥራ ጀመረ፤ ሁለት ልጆች አሉን፣ እኔ ቤት ነኝ። የጤና መድኅን የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ከሥራው መጀመሪያ ቀን አንሥቶ 3 ወር አላችሁ። ምርጫው እንደ ደንቡ አይለወጥምና ቀኑን ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉበት። የስዊዙ መድኅን ላማል በሰው ቁጥር ይከፈላል፤ እርስዎ ሥራ ስለሌለዎት ለአራታችሁም ነው። የፈረንሳዩ ከገቢ ይሰላል፦ የተወሰነ መጠን ከተቀነሰ በኋላ 8 በመቶ፤ ልጆች ተጨማሪ አይጠየቅባቸውም። ደመወዙ መካከለኛ ለሆነ ባለ ልጆች ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የፈረንሳዩ ይቀላል። ልጅ ለሌለው ባለ ከፍተኛ ደመወዝ ላማል ይረክሳል። እርስዎ ፈረንሳይ ውስጥ ሥራ ቢይዙ ልጆቹን በራስዎ መድኅን ያስገባሉ፤ ስሌቱም ይለወጣል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የፈረንሳይ ጤና ካርድ ሲደርሰው ጨረስኩ ይላል። አልጨረሰም። የምርጫ ቅጹን የፈረንሳዩ መድኅን ቢሮ ማኅተም ካደረገበት በኋላ በ3 ወሩ ውስጥ ለጄኔቫ ካንቶን የጤና መድኅን ቢሮ ማስገባት ግድ ነው። ካልገባ ጄኔቫ እንዳልመረጠ ቆጥራ ወደ ላማል ታስገባዋለች፤ ከዚያ ከሁለቱም አገር ሂሳብ ይመጣል። በአደራ ፖስታ ይላኩ፣ ደረሰኙንም ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ለፋሲካ ከጄኔቫ ፈርኔ ወርደን ሥጋና ቅቤ ልንገዛ ነው። ስንት ኪሎ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ሥጋ ለአንድ ሰው በቀን 1 ኪሎ፣ ቅቤና ክሬም ተደምረው 1 ኪሎ ነው። ወይን 5 ሊትር፣ ከ18 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥ 1 ሊትር። ትርፍ ሥጋ እስከ 10 ኪሎ ድረስ በኪሎ 17 ፍራንክ ይከፈልበታል። ሁለት ሆናችሁ 7 ኪሎ የክትፎ ሥጋ ብትጭኑ የ5 ኪሎው ቀረጥ 85 ፍራንክ ይሆናልና የዋጋው ልዩነት ይጠፋል። አራት ሆናችሁ አራት ኪሎ ግዙ።

ከጥር 2025 ጀምሮ የዕቃው ዋጋ በነፍስ ወከፍ ከ150 ፍራንክ ካለፈ የስዊዝ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚታሰበው በጠቅላላው ዋጋ ላይ ነው፤ በፊት ገደቡ 300 ነበር። ከገደቡ ካለፋችሁ ድንበሩን ሳትሻገሩ ክዊክዞል በተባለው የስልክ መተግበሪያ ክፈሉ። ፓስፖርት ባይታይም የጉምሩክ ፍተሻ አልቀረም፤ ተደብቆ የተገኘ ሥጋ ከቀረጡ በላይ ቅጣት አለው። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የሚመጣ ቅቤና ቋንጣ ደግሞ በኪሎ አይደለም የሚታየው፦ ጨርሶ ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ከኢትዮጵያ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። የምኖረው ፈርኔ ነው፣ አውሮፕላኗ የሚያርፈው ግን ጄኔቫ ነው። ቪዛውን ከማን ትጠይቅ?

መልስ፦ ከፈረንሳይ። የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የምታሳልፍበት አገር ነው። የፈረንሳይ ሸንገን ቪዛ ይዘው በጄኔቫ አውሮፕላን ማረፊያ መግባት ይቻላል።

እርስዎ አስቀድመው ከማዘጋጃ ቤቱ የአቀባበል ማረጋገጫውን፣ አቴስታስዮን ዳኬይ የሚባለውን፣ ያውጡ። የመኖሪያ ካርድዎን፣ የቤት ውል ወይም የባለቤትነት ማስረጃ፣ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀቶችና የ30 ዩሮ ቴምብር ይዘው ይቀርባሉ። ቴምብሩ በኢንተርኔት ወይም ከትምባሆ ሱቅ ይገዛል፤ ጥያቄው ውድቅ ቢሆንም አይመለስም። አንድ ወር ሙሉ መልስ ካልመጣ እንደ እምቢታ ይቆጠራል። የቤቱ ስፋት ለእንግዳ መብቃቱም ይታያል፤ በአንዲት ክፍል አራት ሆናችሁ የምትኖሩ ከሆነ ችግር ይገጥማችኋል።

በማረጋገጫው ላይ የእናትዎ ስም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተል ሳይዛባ ይጻፍ። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን ጸሐፊው ግራ ይጋባል፤ የፓስፖርቱን ቅጂ ፊቱ ያስቀምጡለት። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድኅንም ያስፈልጋቸዋል። ማረጋገጫው ዋናው ወደ አዲስ አበባ ይላክ፤ ጄኔቫ ሲደርሱ ሊጠየቁ ስለሚችሉ በእጅ ቦርሳቸው ይያዙት፣ በተጫነ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት።