ከርከዴውን አታፍዪው፣ ስኳሩን አትሰስቺበት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ከርከዴውን ከስኳር ጋር ግማሽ ሰዓት አፍልተሽ ሽሮፕ ሠራሽ፤ መረረሽ፤ በሳምንቱ ደግሞ ላዩ ላይ ነጭ ነገር ያዘ። አሁን ደግሞ ለልደት ድግስ ከአበባ መሸጫ በገዛሽው ጽጌረዳ ልትሞክሪ ነው። እኛ ቤት የከርከዴ ሽሮፕ ከፍሪጅ አይጠፋም፤ የክርስትናውንም የልደቱንም የምሠራው እኔ ነኝ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ያመረረው ማፍላቱ ነው። ከርከዴ ብለን የምንገዛው አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረውን ቀይ ሽፋን ነው። ቀለሙንም ኮምጣጣነቱንም ለቀዝቃዛ ውሃ እንኳን በቀላሉ ይለቃል። ብዙ ሲፈላ ግን ያ አፍ የሚያደርቀው ጣዕም አብሮ ይወጣል። ሱዳኖች በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈው ያሳድሩታል፤ እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው።

ስትገዢ ደማቅና ጥቁር ቀይ የሆነውን ምረጪ። ቡናማ ሆኖ ሲነኩት የሚፈረፈረው የከረመ ነው። አሸዋ አያጣውምና ቶሎ ብለሽ አለቅልቂው። 100 ግራሙን በ1 ሊትር ውሃ ዘፍዝፈሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። ጠዋት በንጹህ ነጭ ጨርቅ አጥልዪው፤ ጨምቀሽ ግን አታስጨንቂው፣ ይደፈርሳል። እሳት የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ፣ ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ ነው። ድስቱ የማይዝግ ብረት ይሁን። ከርከዴ አሲድ ስለሆነ ከአሉሚኒየም ጋር አይስማማም።

ነጩ ነገር ሻጋታ ነው። ከላይ ገፈሽ አትጠጪው፣ ድፊው። ስኳር ሲበዛ ውሃውን ለራሱ ይይዘዋል፤ ሻጋታው የሚጠቀምበት ያጣል። ለ1 ሊትር ፈሳሽ 1 ኪሎ ካደረግሽ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። 2 ኪሎ ካደረግሽ ወፍራም ይሆናል፣ ዕድሜውም በጣም ይረዝማል። የመስታወት ጠርሙሱን ለ10 ደቂቃ ቀቅዪው፤ እርጥብ ማንኪያም አታስገቢበት።

ቅመም ካማረሽ ትንሽ ቀረፋ ወይም ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ይበቃል። ኮረሪማ አልመክርሽም፣ ከርከዴውን ይውጠዋል።

የገዛሽውን ጽጌረዳ ግን እባክሽ ተዪው! ለሽያጭ የሚመረተው አበባ ለዓይን እንጂ ለአፍ አይደለም፤ ፀረ ተባይ ይረጭበታል፣ አጥበሽም አታስለቅቂውም። ምንም ያልተረጨበት የግቢ ጽጌረዳ ካገኘሽ ደስ ይላል። የሚሸተውን ዓይነት ምረጪ፤ ሽታ የሌለው ሽሮፕም ሆኖ አይሸትም። የአበባውን ቅጠል ነጭ ግርጌ ቁረጪለት፣ ይመራል። ፈልቶ ትንሽ በረድ ያለ ውሃ አፍስሽበትና ወዲያው ክደኚው፤ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳልና። ሲቆይ አበባው ይገረጣል፣ ውሃውም የደበዘዘ ይመስላል። አትደንግጪ። ጽጌረዳው ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ፣ ሎሚ ጠብ ስታደርጊበት ዓይንሽ እያየ ወደ ሮዝ ይመለሳል። እኔ በጣም የምወደው ይህችን ደቂቃ ነው፣ ልጆችሽን ጠርተሽ አሳዪያቸው።

ከእንግዶችሽ መካከል ነፍሰ ጡር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ካለ ከርከዴውን ሐኪም ሳይጠይቁ ባይጠጡ ይሻላል። ለእነሱ የጽጌረዳውን አቅርቢ።

ለልደቱ 1 እጅ ሽሮፕ ለ5 እጅ ውሃ በቂ ነው። በአምቦ ውሃ ከሆነ ሽሮፑን አስቀድሚ፣ አምቦውን በብርጭቆው ጎን ቀስ እያልሽ ጨምሪ፤ አለዚያ አረፋው ገንፍሎ ጠረጴዛሽን ቀይ ያደርገዋል።