የአራስ ቤት ጥያቄዎች፦ የጨቅላ የመጀመሪያ ሳምንታት

ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ሲስተር፣ ልጄ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ጡቴ የያዘው ቢጫ ወፍራም ነገር እንጂ ወተት አይደለም። እናቴ በስኳር ውሃ እናቆያት ትላለች።

እህቴ፣ ቢጫው እንገር ነው፤ እንዳትደፊው። በመጀመሪያው ቀን የጨቅላ ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ስለሆነ ማነሱ አያስደንግጥሽ። ወተቱ ብዙ ጊዜ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይገባል፤ የሚጠራው ደግሞ የልጅቷ መጥባት ነው። ስኳር ውሃ የጠጣች ልጅ ጠግባ ትተኛለች፣ ጡቱ ሳይጠባ ይውላል፣ ወተቱም ይዘገያል። ሌሊቱን ጨምሮ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ አጥቢያት። እናትሽ ገንፎውንና አጥሚቱን ለአንቺ ያብዙልሽ።

አያያዙን በደንብ ተመልከቺ። ሆዷን ከሆድሽ አገናኚ፤ ጆሮዋ፣ ትከሻዋና ዳሌዋ ቀጥ ይበሉ። የጡትሽን ጫፍ ከላይኛው ከንፈሯ ነካ ነካ አድርጊና አፏን በሰፊው ስትከፍት ወደ ጡቱ አስጠጊያት። ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩንም ክብ መጉረስ አለባት። አገጯ ጡትሽን ከነካ፣ የታችኛው ከንፈሯ ወደ ውጭ ከተገለበጠና ጉንጯ ካልሰረጎደ በደንብ ጎርሳለች። ካመመሽ ትንሿን ጣትሽን በአፏ ጥግ አስገብተሽ አላቂና እንደገና ጀምሪ፤ ጎትተሽ ካወጣሽው ጫፉ ይሰነጠቃል።

መጥገቧን የሚነግርሽ ሽንቷ ነው፦ ከ5ኛው ቀን ጀምሮ በቀን ቢያንስ 6 ጊዜ፣ ነጣ ያለ።

ለእትብቱ ጤና ጣቢያ ቅባት ሰጥተውናል። ቅቤ አይሻልም?

አይሻልም፤ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር ቁስሉን ይመርዘዋል። የተሰጣችሁ ክሎረሄክሲዲን ከሆነ እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ የእትብቱን ጫፍና ሥሩን በቀን አንድ ጊዜ ለ7 ቀን ቀቡ። ዳይፐሩን ከእትብቱ በታች እጠፉት። አደራ፣ ቱቦው ከዓይን ቅባት ጋር ይመሳሰላልና ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ዙሪያው ከቀላ፣ ከሸተተ ወይም መግል ከያዘ ሳታድሩ ሂዱ።

በሚያዝያ ሙቀት ውሃ ብናቀምሰውስ?

እስከ 6 ወር ጠብታም አትስጡት። የጡት ወተት አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ደጋግሞ ይጥባ። ብርድ ፈርታችሁ በሦስት ጋቢ አትጠቅልሉት፤ ማጅራቱን ዳሱና ላብ ካለው አንዱን አንሱ። አራስ ቤት ዘግታችሁ ከሰል አታንዱ፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ እናትና ልጅን ይገድላል።

ዘጌ ነን። ልጁን በጣና ውሃ ማጠብ ይቻላል?

ካልፈላ አይቻልም። ጣና ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ፤ ተሐዋሲው የሚገባውም በቆዳ ነው። የፈላውን አቀዝቅዛችሁ በክርናችሁ ለኩት፤ ለብ ያለ ብቻ ይሁን። የመጀመሪያው እጥበት ከተወለደ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላም አፍንጫው ውስጥ ቅቤ አትጨምሩ፣ ወደ ሳንባው ይወርዳል።

ለወባስ?

በመድኃኒት የተነከረ አጎበር፤ ጠርዙ ፍራሽ ሥር ይጠቅጠቅ።

እንጥሉን እናስቆርጥ?

በፍጹም። ደም ይፈሳል፣ መንጋጋ ቆልፍም ይይዘዋል።

ልጄ የ5 ቀን ነው፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል?

ፀሐይ ሕክምናው አይደለም። በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ጀምሮ ፊቱ ላይ የሚቀር ቢጫነት ብዙ ጊዜ ልጁ በደንብ ሲጠባ ይለቃል። በመስኮት ብርሃን ደረቱን በጣት ጫን አድርገሽ ልቀቂና ቀለሙን እዪ። መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ፣ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከጀመረ ወይም ከ14 ቀን ካለፈ በዚያው ቀን ይታይ፤ ሲበዛ አንጎል ይጎዳል።

ሴት ናት፤ በ80 ቀኗ ሳትጠመቅ ከቤት አትወጣም ይሉናል። ክትባቱስ?

ክርስትናው በ80 ቀኗ ይሁን፤ የ45 ቀኑን ክትባት ግን አታሳልፉ። ትክትክ ጨቅላን ትንፋሽ አሳጥቶ የሚገድል በሽታ ነው፣ መከላከያውም በዚያ መርፌ ውስጥ አለ። ነጠላ ደርባችሁ ጤና ጣቢያ አድርሳችሁ መልሷት።

ሳንዘገይ መሄድ ያለብን መቼ ነው?

መጥባት ካቆመ፣ ሲቀሰቅሱት ካልነቃ፣ ካንቀጠቀጠው፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ (ተረጋግቶ ሳለ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ)፣ ሙቀቱ 37.5 ከደረሰ ወይም ገላው ከቀዘቀዘ። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ለጨቅላዎች ሕክምና ይሰጣሉ። በመንገድ ላይ ራቁት ደረቱን ከእናቱ ደረት አጣብቁት፣ ኮፍያ አድርጉለት፣ ከቻለ እየጠባ ይሂድ።