ሰፊ መሬት ደረሰኝ፣ ከየት ልጀምር?

ሰሞኑን የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ አሎትመንት ሆኗል። ለማያውቁት፦ እንግሊዝ አገር ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ወይም ማኅበር በዓመት ኪራይ ለነዋሪ የሚሰጠው የአትክልት መሬት ነው። ወረፋው በብዙ ቦታ ዓመታት ይፈጃል። ተራ ሲደርስ ታዲያ ደስታውም ድንጋጤውም አብረው ይመጣሉ።

አራት ዓመት ጠብቀን ሙሉ መሬት ደረሰን። ሄደን ስናየው እሾህና ሣር ውጦታል። ባለቤቴ የማረሻ ሞተር ተከራይተን በአንድ ቅዳሜ እንገልብጠው ይላል። ምን ትመክረናለህ? (ከቶተንሃም)

ሞተሩን ተዉት። ሙሉ የሚባለው በድሮው ልኬት 10 ፖል ነው፤ ወደ 250 ካሬ ሜትር፣ አንድ የቴኒስ ሜዳ ያክላል። መጀመሪያ ሣሩን ነቅላችሁ ሥሩን እዩት። ነጭ፣ ረጅም፣ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ከሆነ ጠባዩ የኛው የሰርዶ ነው። ሞተሩ ይቆራርጠዋል እንጂ አይገድለውም። እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስትመለሱ ከበፊቱ የባሰ ይጠብቃችኋል። ስለሠራሁት ነው የምናገረው።

ይልቅ እሾሁን እጨዱ፣ ጉቶውን በዶማ ንቀሉ። ከዚያ መሬቱን አራት ቦታ ክፈሉትና ሦስቱን ሸፍኑ። ወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ ይሆናል። ካርቶንም ይሆናል፣ ቴፑን ልጣችሁ ደረብረብ አድርጋችሁ ከላይ ኮምፖስት ጫኑበት። ብርሃን ያጣ ሣር ይሞታል፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሰመር ስጡት፣ ግትሩ ሁለተኛም ይፈልጋል። አሮጌ ምንጣፍ ግን አታልብሱት። ብዙ ቦታ ክልክል ነው፣ ሲበሰብስም ክሩ አፈር ውስጥ ይቀራል።

የቀረችው ሩብ የዘንድሮ ሥራችሁ ናት። ለቧንቧው ቅርብ የሆነችውን ምረጡ፣ ውሃ በእጅ ተሸክማችሁ ልታጠጡ ትችላላችሁና። በመቆፈሪያ ሹካ እየፈነቀላችሁ ሥሩን ለቀም ለቀም አድርጉ። ኤፕሪል ላይ ድንች ትከሉባት። ድንች ስትኮተኩቱም ስታወጡም አፈሩ ስለሚገለበጥ የቀረውን ሥር ታገኙታላችሁ። ባልሽ ይቅር ይበለኝ፣ ቅዳሜው አንድ ሳይሆን ሃያ ነው።

ከፈረስ ጋጥ በነፃ ፍግ እንጭንልህ አሉኝ። ልቀበል? (ከብሪስቶል)

ተቀበል፣ ግን ሳትፈትሽ አትበትን። እዚህ አንዳንድ ገበሬዎች ግጦሽ ላይ አሚኖፒራሊድ የሚባል አረም ማጥፊያ ይረጫሉ። ቅጠለ ሰፊውን አረም ይገድላል፣ ሣሩን አይነካም። ፈረሱ ሣሩን ወይም ድርቆሹን ይበላል፣ መድኃኒቱ ሳይፈርስ በሆዱ አልፎ ከፍጉ ጋር ይወጣል። 2008 ላይ እንግሊዝ ውስጥ ብዙ አትክልተኛ የተቃጠለው በዚህ ነው።

እኔም ደርሶብኛል። በሁለተኛ ዓመቴ አሥር ጆንያ አምጥቼ በተንኩ። ጥቁር፣ የተብላላ፣ ሽታ የሌለው፣ ያየው ሁሉ የቀናበት ፍግ ነበር። ጁን ላይ የቲማቲሙ ጫፍ እንደ ሕፃን ጡጫ ተጨብጦ ቀረ። ውሃ አነሰው ብዬ አጠጣሁ፣ በሽታ ነው ብዬ ቆረጥኩ። ከጎኑ ያለው በቆሎ ግን ምንም አልሆነም። በቆሎ የሣር ወገን ነዋ! ያኔ ነው የገባኝ።

ፍተሻው ቀላል ነው። ሦስት ማሰሮ በፍጉና በኮምፖስት ድብልቅ ሙላ፣ ሦስት ደግሞ በኮምፖስት ብቻ። በሁሉም ባቄላ ዝራና መስኮት ላይ አስቀምጥ። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ፍግ ባለበት ብቻ ቅጠሉ ከተጠቀለለ ፍጉን መልስ። አስቀድመህ በትነህ ከሆነ ከአፈሩ ጋር ቀላቅለው፤ ቀስ በቀስ ይፈርሳል። እስከዚያ እዚያ ቦታ በቆሎ ትከል።

እናቴ ከጎጃም መጥተው መሬቱን ሲያዩ "ጤፍ እንዝራበት" አሉ። ይሆናል? (ከሊድስ)

እማማን ማስቀየም አልፈልግም፣ ግን ሒሳቡን እንሥራ። አገር ቤት አማካዩ ምርት በሄክታር ከ18 ኩንታል ብዙም አይርቅም። 100 ካሬ ሜትር ብትዘሩና እንደ አገር ቤት ቢሳካ 18 ኪሎ ነው። እዚህ ደግሞ መሳካቱን እጠራጠራለሁ። ጤፍ ለማፍራት ቀኑ እንዲያጥር ይፈልጋል፤ ሊድስ ውስጥ ቀኑ ሲያጥር ብርዱ ይገባል፣ ውርጭ ደግሞ አይችልም። ውቂያውንም አስቢው።

ለናፍቆት አንድ ካሬ ሜትር ስጫቸው። የቀረውን አበሻ ጎመን አድርጊው፣ የዚህን አገር ቅዝቃዜ ይወደዋል። ከላይ መረብ አልብሺው፣ አለዚያ እርግቦቹ አንድ ቅጠል አያስተርፉም። ቃሪያ ከሆነ ያለ ፕላስቲክ ቤት አትድከሚ። ኖቬምበር ላይ ደግሞ ባቄላ ዝሪ፤ ክረምቱን (የዚህን አገር ማለቴ ነው) የሚችል ዝርያ አለ። ጁን ላይ እማማ እዚያው ቁጭ ብለው እሸት ሲፈለፍሉ ጤፉን ይረሱታል።

ሥራዬ በሽፍት ነው። "መሬትህን አላለማህም" የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ይነጥቁኛል? (ከበርሚንግሃም)

ዝም ካልክ ሊነጥቁህ ይችላሉ። ዛሬውኑ ጻፍላቸው፦ የሽፍትህን ነገር ንገር፣ ምን እንደሸፈንክ፣ ምን መቼ እንደምትዘራ አስረዳ፣ ፎቶ አያይዝ። ብዙ ጊዜ የሚያናድዳቸው ሣሩ ሳይሆን ዝምታው ነው። ካቃተህ ግማሹን መልስ። በወረፋ ያለ ሰው ይመርቅሃል፣ አንተም ጀርባህ ያርፋል።

እዚያው ዶሮ ማርባት ይፈቀዳል? ለበዓል አስቤ ነው። (ከክሮይደን)

የ1950ው የአሎትመንት ሕግ ዶሮና ጥንቸል ይፈቅዳል፣ ለንግድ እስካልሆነ። አውራ ዶሮ ግን አይፈቀድም። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ በእንግሊዝና በዌልስ አንዲት ዶሮም ብትሆን ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ቀበሮውን አትርሳ፣ ለንደን ውስጥ ከድመት ያልተናነሰ ይዞራል። ሽቦውን መሬት ውስጥ ቅበረው። ለፋሲካ አውራ ዶሮውን እንደ ወትሮህ ከሱቅ ግዛ።